ሞሪሺየስ ወይስ ሲሼልስ? ተማሪዎቼ ያስነሡት ክርክር

የጂኦግራፊ መምህር (ዓርብ ማታ)

ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። በዚህ ሳምንት ስለ አፍሪካ ደሴቶች እያስተማርኩ ሳለ አንድ ተማሪ «ከአፍሪካ ሀብታሟ አገር ሲሼልስ ናት» አለ። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ ተነሥታ «ሲሼልስ እኮ የሞሪሺየስን ስድስተኛ እንኳ አታመርትም» ብላ መለሰችለት። ሁለቱም ቁጥር ይዘው ነው የመጡት። ሁለቱም ቁጥሩን ያገኙት ከታመነ ቦታ ነው። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ፣ ደወል ተደወለ፣ እኔም «ሰኞ እንጨርሰዋለን» ብዬ ወጣሁ።

«ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ» ብዬ ማለፍ አልፈልግም። እኔ ራሴ በተማሪነቴ እንዲህ ያለ መልስ ሲሰጠኝ ጥያቄዬ እዚያው ይሞትብኝ ነበር።

ሁለቱ አገሮች ለማወዳደር የሚመቹ ይመስላሉ። ሁለቱም በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ናቸው። ሁለቱም በመጀመሪያ የፈረንሳይ፣ በኋላ የብሪታንያ ቅኝ ግዛት ነበሩ። በሁለቱም ክሪዮል ይነገራል። ሞሪሺየስ ነፃ የወጣችው በ1968፣ ሲሼልስ ደግሞ በ1976 ነው (አቆጣጠሩ በሙሉ የአውሮፓ ነው)። የሞሪሺየስ የቆዳ ስፋት ወደ 2,040 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ የሲሼልስ 115 ያህል ደሴቶች አንድ ላይ ተደምረው 460 ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞሉም።

የእነዚህን ሁለት አገሮች ምርት ለማወዳደር የትኛውን ቁጥር ልያዝ? የምታውቁ እርዱኝ።

ሒሳብ ወዳጅ (ዓርብ ማታ)

መምህር፣ ጥያቄውን ወደዚህ በማምጣትዎ ደስ ብሎኛል። ሥራዬ ስታቲስቲክስ ነው። ልጆቹ የተጋጩት አንደኛው ድምሩን፣ ሌላኛው አማካዩን ስለያዙ ነው።

የሞሪሺየስ አጠቃላይ የሀገር ውስጥ ምርት በ2023 ወደ 14 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል። የሲሼልስ በዚያው ዓመት ከ2 ቢሊዮን ዶላር በጥቂቱ ያልፋል። ስለዚህ የተማሪዎ ስሌት ትክክል ነው። ነገር ግን በሞሪሺየስ 1 ሚሊዮን 260 ሺህ ያህል ሰው ይኖራል፤ በሲሼልስ ያለው ሰው 120 ሺህ ገደማ ነው። ምርቱ ከስድስት እጥፍ በላይ፣ ሕዝቡ ግን ከአሥር እጥፍ በላይ ይበልጣል ማለት ነው። ስናካፍለው ለአንድ ሞሪሺየሳዊ 11,000 ዶላር ገደማ፣ ለአንድ ሲሼልሳዊ ከ17,000 ዶላር በላይ ይደርሳል። የዓለም ባንክም ሲሼልስን ከ2015 ጀምሮ ከባለ ከፍተኛ ገቢ አገሮች ተራ መድቧታል። ሞሪሺየስ እዚያ ተራ የገባችው በሐምሌ 2020 ነበር። በወረርሽኙ ምክንያት ምርቷ በአንድ ዓመት ወደ 15 በመቶ ስለወደቀ በቀጣዩ ሐምሌ ከተራው ወጣች።

ድምሩ የሚጠቅመው ስለ አገር አቅም ሲጠየቅ ነው፤ ወደብ፣ አየር መንገድ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ሆስፒታል ለመሸከም ምን ያህል ሰፊ ኢኮኖሚ አለ? አማካዩ የሚጠቅመው ስለ ኑሮ ደረጃ ሲጠየቅ ነው፤ ያውም በጥንቃቄ። ልጆቹን መጀመሪያ «ስለ ምን ነው የምትጠይቁት?» ይበሏቸው።

ቁጥር ይናገር (ዓርብ ማታ)

ይህን ያህል ማወሳሰብ አያስፈልግም። ሰው የሚበላው ድርሻውን እንጂ ድምሩን አይደለም። በነፍስ ወከፍ ሲሼልስ ከአፍሪካ አንደኛ ናት። ክርክሩ እዚህ ላይ ያበቃል። በድምር ብቻ ከሄድንማ እኛ ከ120 ሚሊዮን ሕዝብ ጋር ከሁለቱም በብዙ እጥፍ እንበልጣለን፤ ታዲያ ከሞሪሺየስ በተሻለ እንኖራለን?

ከደመና በታች (ቅዳሜ ጠዋት)

እኔ የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትን ነው። ለብዙ ዓመታት የበረራ አስተናጋጅ ነበርኩ፤ በሲሼልስ ትልቋ ደሴት በማሄ ላይ ብዙ ጊዜ አድሬአለሁ። አውሮፕላን ማረፊያው ከተራራውና ከባሕሩ መካከል ባለች ጠባብ ቦታ ላይ ባሕር ተሞልቶ የተሠራ ነው። የተከፈተው በ1971 ነው። ከዚያ በፊት እንግዳ የሚመጣው በመርከብ ብቻ ስለነበር ሰዉ የሚተዳደረው በኮፕራ፣ ማለትም በደረቀ የኮኮናት ሥጋ፣ በቀረፋና በዓሣ ነበር። የዛሬው ሀብት በአብዛኛው በዚያች መንደርደሪያ ላይ ያረፈ ነው።

በዋና ከተማዋ በቪክቶሪያ ወዳለው ገበያ ስንሄድ ዓሣው ትኩስና ብዙ ነው። አትክልቱ ግን ያስደነግጥ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው የአንድ ራስ ጎመንን ዋጋ ሲሰማ እጁን ከኪሱ ያወጣል። አንዲት ሻጭ «እኛ የምናበቅለው ጥቂት ነው፤ ቀሪው በመርከብና በአውሮፕላን ይመጣል» ብላኛለች። አሥራ ሰባት ሺህ ዶላር በዚያ ገበያ ምን እንደሚገዛ ሳይጠየቅ «አንደኛ ናት» ማለት ይከብደኛል።

ሌላም ነገር አለ። ወደ ራቅ ያሉት ደሴቶች የሚሄዱ እንግዶች ብዙዎቹ ክፍያቸውን የጨረሱት እዚያው በአገራቸው፣ በአውሮፓ ነው። ሆቴሉ የውጭ ነው፣ ሥራ አስኪያጁ የውጭ ነው፣ ወይኑና አይብም የውጭ ነው። በ2019 ሲሼልስ 384 ሺህ ያህል እንግዳ ተቀብላለች፤ ከሕዝቧ ከሦስት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ያ ሁሉ ገንዘብ በደሴቷ አለፈ፤ ስንቱ እንደቀረ ግን የሚነግረኝ አላገኘሁም። ሒሳብ ወዳጅ፣ ይህ በቁጥሩ ውስጥ ይታያል?

ሒሳብ ወዳጅ (ቅዳሜ ጠዋት)

እህቴ፣ ጉዳዩን ከሥሩ ነው ያነሣሽው። ይታያል፤ ግን በሌላ ቁጥር ነው።

መምህር፣ ለልጆቹ በእንጀራ ያስረዷቸው። አንዲት እናት የ1,000 ብር ጤፍ ገዝታ፣ የ100 ብር መብራት ተጠቅማ፣ እንጀራውን በ1,600 ብር ብትሸጥ የእሷ ምርት 1,600 አይደለም። ጤፉ የገበሬው፣ መብራቱ የመብራት ኃይሉ ምርት ነው። የእሷ ምርት የጨመረችው እሴት፣ 500 ብሩ ነው። የአገር ምርት ማለት በአገሩ ክልል ውስጥ እንዲህ የተጨመረው እሴት ሁሉ ድምር ነው።

አሁን ወደ ቪክቶሪያ ወደብ እንሂድ። እዚያ በዓለም ከታላላቆቹ አንዱ የሆነ የቱና ማሸጊያ ፋብሪካ አለ፤ ከ1987 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን ከ2,000 በላይ ሠራተኛ አለው። ቱናውን በአብዛኛው የሚያጠምዱት የስፔንና የፈረንሳይ መርከቦች ናቸው። እንግዲህ ልብ በሉ። በስፔን መርከብ የተጠመደው ዓሣ የስፔን ምርት ሆኖ ይመዘገባል። ሲሼልስ ከእሱ የምታገኘው የማጥመጃ ፈቃድ ክፍያ ነው። ፋብሪካው ዓሣውን፣ ቆርቆሮውን፣ ዘይቱንና ነዳጁን ገዝቶ የሚጨምረው እሴት ግን የሲሼልስ ምርት ነው። ከዚያ እሴት ውስጥ ደመወዝ ይወጣል፣ ትርፍ ይቀራል። የፋብሪካው 60 በመቶ ድርሻ የአንድ የታይላንድ ኩባንያ፣ 40 በመቶው የሲሼልስ መንግሥት ነው። የታይላንዱ ድርሻ ትርፍ በሀገር ውስጥ ምርት ውስጥ ይቆጠራል፤ በአጠቃላይ ብሔራዊ ገቢ ውስጥ ግን ይቀነሳል።

በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው። የመጀመሪያው «በዚህ መሬት ላይ ምን ተመረተ?» ይላል። ሁለተኛው «የዚህ አገር ነዋሪዎች ምን ደረሳቸው?» ይላል። በሲሼልስ የውጭ ሆቴሎችና ፋብሪካዎች ትርፍ ስለሚወጣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ያንሳል። ስለዚህ ወንድማችን ቁጥር ይናገር «ሰው የሚበላው ድርሻውን ነው» ካለ፣ መያዝ ያለበት ብሔራዊ ገቢውን ነው።

ስለ ጎመኑ ዋጋ ደግሞ በመግዛት አቅም የተስተካከለ ስሌት አለ። በዚያ ሲሰላ በሁለቱ አገሮች ነፍስ ወከፍ መካከል ያለው ርቀት በግልጽ ይጠባል፤ አይጠፋም እንጂ።

ቁጥር ይናገር (ቅዳሜ ከሰዓት)

ተቀብያለሁ፤ ብሔራዊ ገቢው ይሻላል። ቢሆንም ሲሼልስ በዚያም ከሞሪሺየስ ትበልጣለች። አቋሜ አልተለወጠም። ለሞሪሺየስ የሚከራከር ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ማወቅ እፈልጋለሁ።

የስፌት መስመር (ቅዳሜ ከሰዓት)

እኔ ይዤ መጥቻለሁ።

በአንድ የኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ለአራት ዓመታት ሸሚዝ ሰፍቻለሁ፤ በኋላም የመስመር ተቆጣጣሪ ሆኛለሁ። ስለ ሞሪሺየስ መጀመሪያ የሰማሁት በሥልጠና ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፣ ምክንያቱም የእነሱ ታሪክ የእኛን ጥያቄ ይመስላል።

በ1961 እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጄምስ ሚድ ደሴቲቱን አጥንቶ ተስፋዋ የመነመነ ነው ብሎ ነበር። ይህ ሰው በኋላ በ1977 የኖቤል ሽልማት ያገኘ ነው። ያለ ምክንያትም አልተናገረም፤ ሕዝቡ በፍጥነት ይበዛል፣ ሸንኮራ አገዳ ብቻ ነው የሚበቅለው፣ ሥራ የለም፣ የልዩ ልዩ ዘር ሕዝቦች በጠባብ መሬት ላይ ተፋፍገው ይኖራሉ። ሞሪሺየስ ግን በ1970 ለውጭ ገበያ የሚያመርቱ ፋብሪካዎችን የሚያበረታታ ሕግ አወጣች። ሐሳቡን ያመጡት ፕሮፌሰር ኤድዋርድ ሊም ፋት ናቸው፤ ታይዋን ሄደው ያዩትን ነው ይዘው የተመለሱት። ጨርቁና ማሽኑ ከቀረጥ ነፃ ይገባል፣ ግብሩ ለዓመታት ይቀራል። ከሆንግ ኮንግ ባለሀብቶች መጡ። ሊጤን የሚገባው ግን የራሳቸው የአገዳ ባለርስቶችም ገንዘባቸውን ወደ ስፌት ማዞራቸው ነው። ከ1975 ጀምሮ አውሮፓ ስኳራቸውን ከዓለም ገበያ በላቀ ዋስትና ባለው ዋጋ ይገዛቸው ስለነበር ትርፍ ነበራቸው። ከስኳሩ ትርፍ ከፊሉ ክርና መርፌ ሆነ።

የሠሩት ሴቶች ናቸው። ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በእነዚያ ፋብሪካዎች የሴቶች ዝቅተኛ ደመወዝ ከወንዶች ያነሰ ነበር። በቁጥሩ ውስጥ የሚታየው ዕድገት በእነሱ ወገብ ላይ የቆመ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ የተጎነበሰ ሰው ይህን ያውቃል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከአምስት ሰው አንዱ ያህል ሥራ ፈት በነበረበት አገር፣ በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ላይ ሥራ አጥነት ከሞላ ጎደል ጠፋ።

ከዚያ ደግሞ ሁለቱም ምሰሶዎች ተነቀነቁ። በ2005 ለእያንዳንዱ አገር የልብስ ኮታ ይሰጥ የነበረው ዓለም አቀፍ ስምምነት አበቃና ከቻይና ጋር ፊት ለፊት ተጋጠሙ። ከ2006 ጀምሮ አውሮፓ የስኳሩን ዋጋ በደረጃ 36 በመቶ ቀነሰ። ፋብሪካ ተዘጋ፣ ሠራተኛ ተበተነ። ግን አገሪቱ አልወደቀችም፤ ባንኩ፣ ሆቴሉ፣ የኮምፒውተር ሥራው ቀድሞ ተጀምሮ ስለነበር ሸክሙን ተካፈለ። የእኛ አገር ልብስ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የሚገባበት ዕድል በጥር 2022 ሲቋረጥ፣ አንድ ገበያ ብቻ ይዞ መቆም ምን ማለት እንደሆነ በቅርብ አይቻለሁ።

ወንድሜ ቁጥር ይናገር፣ እኔ የምመዝነው በዚህ ነው። ሞሪሺየስ አንዱ ቢነቀል በሌላው የምትቆም አገር ናት። የ11,000 ዶላሯ አሠራር ከ17,000ው ይለያል።

ከደመና በታች (ቅዳሜ ከሰዓት)

እህቴ፣ ስለ ሴቶቹ ያልሽው ልቤን ነካው። ሲሼልስ ላይ ያየሁት የቱና ፋብሪካ ፈረቃ ሲለወጥ የሚወጡትም ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፤ ከነነጭ ጫማቸው አውቶቡስ ይጠብቃሉ።

ባሕር ማዶ (ቅዳሜ ሌሊት)

ከዋሺንግተን አካባቢ ነው የምጽፈው፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። እስካሁን ያልተነሣ አንድ ነገር አለ፤ ሁላችሁም በዶላር ነው የምትናገሩት። ሞሪሺየስም ሲሼልስም የሚያመርቱት በየራሳቸው ሩፒ ነው።

ሲሼልስ ለረጅም ጊዜ ሩፒዋን በመንግሥት ተመን አስራ ይዛ ነበር። ዶላር በባንክ አይገኝም፣ በጥቁር ገበያ ግን ይገኛል፤ ሱቁ ዕቃ ያጥረዋል። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በ2008 የነዳጅና የምግብ ዋጋ ሲንር መያዣ መጨበጫ ጠፋ። መንግሥት የውጭ ቦንዱን ወለድ መክፈል አቃተው፤ ዕዳው ከዓመታዊ ምርቱ በላይ ነበር። በኅዳር 2008 ሩፒው በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ፤ ከ8 ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ወራት አንድ ዶላር 16 ሩፒ ገደማ ሆነ። በዚያና በቀጣዩ ዓመት የአገሪቱ ምርት በዶላር ሲሰላ ቀነሰ። በማሄ ባሕር ውስጥ ያለው ዓሣ ግን በግማሽ አልቀነሰም፤ የሆቴሉ ክፍልም በግማሽ አልጠበበም። የተለወጠው መለኪያው ነው።

የራሳችንን ተመልከቱ። በሐምሌ 2024 መጨረሻ ብር ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የአገራችን ምርት በዶላር ሲገለጽ በብዙ ወረደ፤ የባሌ ገበሬ ስንዴ ግን እንደዚያ አልወረደም። እናቴ በስልክ «ያው 200 ዶላርህ ብሩ በዝቷል፣ ዘይቱም ተወድዷል» አለችኝ። አማካይ ቁጥር አይቼ ስለ ሰው ኑሮ ለመናገር በተነሣሁ ቁጥር ይህች ቃሏ ትመጣብኛለች።

ስለዚህ መምህር፣ የአንድ ዓመት ቁጥር ብቻ አይስጧቸው። ቢያንስ የሃያ ዓመት መስመር ያስሉአቸው። በሲሼልስ መስመር ላይ የ2008 ስብራትና ከዚያ በኋላ የተደረገው ማገገም ይታያል። አበዳሪዎች በ2009 ከዕዳዋ ከፊሉን ሰረዙላት፤ በኋላም ከፊል ዕዳዋን ባሕሯን ለመጠበቅ በገባችው ቃል ለወጠች፤ በ2018 ለባሕር ሀብት ልማት የ15 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጠች። ከዚያ ጉድጓድ የወጣችበት ጉልበት ሊከበርላት ይገባል፤ እዚህ ላይ ከቁጥር ይናገር ጋር ነኝ።

ወዲያኛው ደሴት (እሑድ ጠዋት)

ክርክሩን ላስፋው። ሞሪሺየስ ነፃ በወጣችበት በዚያው በ1968 በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ናኡሩ የምትባል ደሴት ነፃ ወጥታለች። ስፋቷ 21 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በመሬቷ ላይ ፎስፌት ነበራት፤ ለዓለም ገበሬ ማዳበሪያ የሚሆን። በ1970ዎቹ ነፍስ ወከፍ ገቢዋ ከዓለም ቀዳሚዎቹ ጋር የሚቆጠር ነበር። ሜልቦርን ውስጥ 52 ፎቅ ሕንፃ እስከ ማስገንባት ደርሳለች። ፎስፌቱ ሲያልቅ ገንዘቡም አለቀ፤ ሕንፃው በ2004 ተሸጠ። የደሴቷ መሐል ዛሬ ተቆፍሮ የቀረ የድንጋይ ሾጣጣ ነው።

ያ ሁሉ ፎስፌት እየተቆፈረ ሲሸጥ በየዓመቱ «ምርት» ተብሎ ተመዝግቧል። መሬቱ ማለቁ ግን በዚያ ቁጥር ውስጥ አልተቀነሰም። በ1975 አንድ ተማሪ ናኡሩንና ሞሪሺየስን ቢያወዳድር ናኡሩን ይመርጥ ነበር። መምህር፣ ልጆቹ ስለ ሲሼልስ ኮራልና ስለ ቱናዋ ሲያስቡ ይህንንም ቢሰሙ እወዳለሁ።

ቁጥር ይናገር (እሑድ ጠዋት)

የናኡሩን ታሪክ አላውቅም ነበር። ጽሑፍህን ካየሁ ጀምሮ ስለ እሷ ሳነብ ቆየሁ። የዓርብ ዕለቱን «ክርክሩ እዚህ ላይ ያበቃል» ያልኩትን አንሥቻለሁ። ዛሬም ተገድጄ ብመርጥ በሲሼልስ መወለድን እመርጣለሁ፤ የአገር ኢኮኖሚ እንድመራ ብባል ግን የሞሪሺየስን እመርጣለሁ። ሁለቱ አንድ ጥያቄ እንዳልሆኑ የገባኝ አሁን ነው።

የጂኦግራፊ መምህር (እሑድ ማታ)

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሰኞን ክፍለ ጊዜ አዘጋጅቻለሁ። በሰሌዳው ላይ መጀመሪያ እንጀራ ሻጯን እጽፋለሁ፣ ከእሷ ወደ ቱናው ቆርቆሮ እሄዳለሁ። ክፍሉን ለሁለት ከፍዬ ድምርና አማካዩን ራሳቸው እንዲያሰሉ አደርጋለሁ። ከዚያ የሃያ ዓመቱን መስመር በካሬ ወረቀት ይስላሉ። ስፌቱን ለመናገር የስፌት መስመርን ቃል እንዳለ ባነብላቸው ፈቃድሽ ይሁን፤ ከክፍሌ ልጆች የሁለቱ እናቶች ፋብሪካ ውስጥ ይሠራሉ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ያቺ ከኋላ ወንበር የተነሣችው ልጅ ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አግኝታኝ «ሞሪሺየሳውያን ማዳጋስካር ውስጥ ፋብሪካ ከከፈቱ ሸሚዙ የማን ምርት ነው?» አለችኝ። በልበ ሙሉነት መመለስ ፈልጌ አመነታሁ።

የስፌት መስመር (እሑድ ማታ)

መምህር፣ ያንብቡላቸው እንጂ፤ ደስታውን አልችለውም። ለሁለቱ እናቶችም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ሒሳብ ወዳጅ (እሑድ ማታ)

ጎበዝ ልጅ ናት፤ ሞሪሺየሳውያን ደመወዝ ሲወደድባቸው ያደረጉት ይህንኑ ነው። ሸሚዙ የማዳጋስካር የሀገር ውስጥ ምርት ነው፤ የሰፊዎቹም ደመወዝ የማዳጋስካር ገቢ ነው። ትርፉ ወደ ሞሪሺየስ ዋና ከተማ ወደ ፖርት ሉዊስ ሲመለስ በሞሪሺየስ ብሔራዊ ገቢ ውስጥ ይገባል። በሲሼልስ ሆቴሎች ላይ ያየነው ተገልብጦ ማለት ነው፤ እዚያ ትርፍ ይወጣል፣ እዚህ ትርፍ ይገባል። አንድ ማስጠንቀቂያ ይጨምሩላት፤ በሞሪሺየስ ተመዝግበው ወደ ሕንድና ወደ ሌላም አገር ገንዘብ የሚያስተላልፉ ኩባንያዎች ሀብት ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ያ ገንዘብ አላፊ ነው። የሞሪሺየስ ምርት የሚባለው የሒሳብ ባለሙያው፣ የጠበቃውና የባንኩ አገልግሎት ክፍያ ብቻ ነው።

ሰኞ ምን እንዳለች ይጻፉልን።